ጦም ያደረ መሬት
ድርቅ በአፈር ለምነት ላይ ስላደረሰው ጉዳት የታሪክ ምስክርነት

በሀገራችን የድርቅ ታሪክ በተጻፈ ቁጥር የሚቆጠሩት የሞተው ሰው፣ ያለቀው ከብት፣ የጠፋው እህልና ከቀየው የተፈናቀለው ቤተሰብ ናቸው። ቆጠራው ተገቢ ነው፤ ከሰው ሕይወት የሚቀድም ነገርም የለም። ይሁን እንጂ ዝናቡ ከተመለሰ፣ የእርዳታው እህል ከቆመና ስደተኛው ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ እንኳ ሒሳቡ ሳይዘጋ የሚቀር አንድ ሌላ ተጎጂ አለ። እርሱም አፈሩ ነው።

ገበሬው ማሳው ሳይታረስና ሳይዘራ ሲቀር «መሬቱ ጦም አደረ» ይላል። በዚህ አነጋገር ሰውና መሬት በአንድ ቃል ይጠራሉ። የአፈር ሳይንስ ከብዙ ምርምር በኋላ የደረሰበትም ከዚህ የራቀ አይደለም። አፈር ይመገባል፣ ይመግባል፣ ይራባል፣ ከረኀቡም ያገግማል። ከረኀቡ የሚያገግመው ግን ለማገገሚያ የሚሆን ጊዜና ስንቅ ሲያገኝ ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በድርቅ ጊዜ በአፈር ውስጥ የሚሆነውን ባጭሩ አስረድቶ፣ በዚያው ዓይን ያለፉትን የክፉ ቀን ዘመናት መመልከት ነው። «ዓ.ም.» የተባለው ሁሉ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ የውጭ ሀገር አቆጣጠር በሚያስፈልግበት ስፍራ «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ተደርጎበታል።

ውኃ ሲሸሽ

አፈር የደቀቀ ድንጋይ ብቻ አይደለም። የዕፀዋትና የእንስሳት ብስባሽ፣ አየር፣ ውኃ እንዲሁም ለዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ደቂቅ ዘአካላት ይገኙበታል። ሰብል የሚያስፈልገው ናይትሮጅን አብዛኛው በብስባሹ ውስጥ ታስሮ የሚኖር ነው። ደቂቅ ዘአካላቱ ብስባሹን ሲያፈራርሱ ናይትሮጅኑ በመጀመሪያ ወደ አሞኒየም፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ሥር ሊወስደው የሚችለው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ የሚከናወነው የአፈሩን ቅንጣቶች በሚሸፍነው ስስ የውኃ ልባስ ውስጥ ነው። ድርቅ ሲጸና ልባሱ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ይቆራረጣል። ከዚህም የተነሣ ምግቡ በአንድ ወገን፣ ተመጋቢው በሌላ ወገን ይቀራሉ። አሞኒየም የሚሠሩት ደቂቅ ዘአካላት ድርቀትን ሲታገሡ፣ ናይትሬት የሚሠሩት ግን ቀድመው ይዳከማሉ። ስለዚህ በደረቀ አፈር ውስጥ አሞኒየሙ ሳይለወጥ ይከማቻል።

ጉዳቱ ለሁሉም ንጥረ ምግብ አንድ ዓይነት አይደለም። ናይትሬት ሥሩ ከሚስበው ውኃ ጋር አብሮ ይጓዛል። ፎስፈረስ ግን በአፈር ውኃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ወደ ሥር የሚደርሰው በዚያ ስስ የውኃ ልባስ ውስጥ ቀስ በቀስ እየሰረገ ነው፤ የሚጓዘውም ርቀት ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም። ልባሱ ሲቆራረጥ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። ብረትና አሉሚኒየም በበዛበት በደጋው ቀይ አፈር ፎስፈረሱ ቀድሞውንም በጥብቅ የተያዘ በመሆኑ ችግሩ ይከፋል። በቤተ ሙከራ ሲመረመር ፎስፈረስ አለው የተባለ አፈር በድርቅ ዓመት ሰብሉን በፎስፈረስ የሚያስርበው በዚህ ምክንያት ነው።

ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ በሥራቸው ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች ጋር ተባብረው የአየሩን ናይትሮጅን ለመሬቱ የሚያተርፉ ሰብሎች ናቸው። ድርቅ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከተክሉ ሥራዎች ሁሉ ቀድሞ የሚዳከመው ይኸው የናይትሮጅን ማትረፍ ሥራ ነው። ተክሉ ፍሬ ባይሰጥ እንኳ ለመሬቱ ይጠቅማል ተብሎ የሚጠበቀው ጥራጥሬ በድርቅ ዓመት ለሰውም ለመሬትም ሳያተርፍ ይቀራል።

ድርቀቱ ለአንድ ወቅት ሳይሆን ለረጅም ዘመን ሲሆን ደግሞ የንጥረ ምግቦቹ ሚዛን ራሱ ይዛባል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ከአንታርክቲካ በቀር በሁሉም ክፍላተ ዓለም በሚገኙ 224 ደረቅ ቦታዎች የተሰበሰበ አፈር መርምሮ ነበር። በጥናቱ እንደታየው ደረቅነት በጨመረ መጠን ከሕያዋን ሥራ የሚገኙት ካርቦንና ናይትሮጅን ይቀንሳሉ። ከድንጋይ መፈረካከስ የሚገኘው ፎስፈረስ ግን በአንጻሩ ከፍ ይላል። አብረው ሲዞሩ የነበሩ ዑደቶች ይለያያሉ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ዝናብ

ድርቅ በአፈር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በደረቁ ወራት ብቻ የሚፈጸም ይመስለን ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዋናው ፈተና የሚመጣው ዝናቡ በተመለሰ ዕለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በናይሮቢ አጠገብ በሙጉጋ በነበረው የምሥራቅ አፍሪካ የእርሻና የደን ምርምር ድርጅት ይሠራ የነበረ ኤች. ኤፍ. በርች የተባለ ተመራማሪ፣ ደርቆ የቆየ አፈር ውኃ ሲያገኝ የብስባሹ መፈራረስ በድንገት እንደሚፋጠንና ናይትሮጅንም በብዛት እንደሚለቀቅ አሳየ። የለቀቃው መጠን በአፈሩ ውስጥ ካለው ብስባሽና ከድርቀቱ ጽናት ጋር የተያያዘ መሆኑንም አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1958 ካሳተመው ጽሑፍ በኋላ ይህ ክስተት በሙያው ዓለም በስሙ ይጠራል። አንድ የሩሲያ ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ1924 የአፈር መድረቅ ለምነትን ከሚያነሣሡ የተፈጥሮ ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ጽፎ ነበር።

ምክንያቱ ተደራራቢ ነው። በድርቀቱ የሞቱት ደቂቅ ዘአካላት በሕይወት ለተረፉት ምግብ ይሆናሉ። የተረፉትም ድርቀቱን ለመቋቋም በሰውነታቸው አከማችተው የነበረውን ውሁድ ውኃው ሲመጣ ይለቁታል። ደረቁ ጓል ውኃ ሲነካው ይፈርስና በውስጡ ተሸሽጎ የነበረው ብስባሽ ይጋለጣል። ከአፈሩ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከፍ ብሎ በቀናት ውስጥ ይረግባል።

ይህ ለቀቃ ለገበሬው ስጦታ ነው። ስጦታውን የሚቀበለው ግን ዘሩን በጊዜው መሬት ውስጥ ያደረሰ ገበሬ ነው። ናይትሬት ከአፈር ቅንጣት ጋር የማይጣበቅ በመሆኑ የሚወስደው ሥር ካላገኘ ከውኃው ጋር ወደ ታች ሰርጎ ይጠፋል። ውኃ በሚያቁር መረሬ አፈር ላይ ደግሞ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ወደ አየር ይሄዳል። በርች ራሱ ቀድሞ መዝራት የሚሰጠውን ጥቅም ከዚሁ ጋር አያይዞ ተመልክቶታል።

በዚያችው ሰሞን ጎርፉም አለ። ሣሩ በከብት ተግጦ፣ ገለባው አልቆ፣ ቅጠሉ ረግፎ የተራቆተ መሬት የዝናቡን ጠብታ የሚያበርድለት የለውም። ጎርፉ ጠርጎ የሚወስደው የላይኛውን አፈር ነው፤ ከአፈሩም ቀላሉንና ደቃቁን፣ ይኸውም ብስባሽና ንጥረ ምግብ የበዛበትን አስቀድሞ ያነሣል። ስለዚህ ከማሳው የሄደው አፈር ከቀረው ይልቅ የለማ ነው።

አፈሩ ጎተራውን የሚከፍተው በመጀመሪያው ዝናብ ነው። ከድርቅ በኋላ ግን በዚያ ዕለት ገበሬው በሬም ዘርም ላይኖረው ይችላል። የሀገራችንን የክፉ ቀን ታሪክ በዚህ ነጥብ ላይ ቆመን ስንመለከተው ሌላ መልክ ይታየናል።

ክፉ ቀን፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.

በታሪካችን «ክፉ ቀን» በሚል ስም የሚታወቀው ዘመን የጀመረው በከብት እልቂት ነበር። ጣልያኖች ለጦር ሠራዊታቸው በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር እንደመጣ የሚታመነው የደስታ በሽታ በ1880 ዓ.ም. ወደ ደጋው ወጣ። ከሀገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ ዘወትር ይጠቀሳል። ዝናብ መታጣቱ፣ አንበጣው፣ ተምቹና አይጡ በላዩ ተጨመሩ። ዳግማዊ ምኒልክ ለሕዝቡ ምሳሌ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ በታሪክ ተጽፏል።

በሬ ማረሻ የሚጎትት ጉልበት ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከብት ቀን በተራራውና በመስኩ ሲግጥ ውሎ ማታ ወደ በረት ሲገባ፣ የመስኩን ንጥረ ምግብ በሆዱ ተሸክሞ ወደ ጓሮ ያመጣል። የጓሮ መሬት ከሩቁ ማሳ ይልቅ ለምቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ከብቱ ባለቀ ጊዜ ከጉልበቱ ጋር አጓጓዡም ጠፋ። ዶማ የሚቆፍረው መሬት ጥቂት ነው። ከዚያ የተረፈው ሁሉ ጦም አደረ።

ሆኖም የዚያን ዘመን ጦም ማደር ከኋለኛው ዘመን የሚለይበት አንድ ነገር አለ። መሬቱ እዳሪ ሆኖ ሲቀር ሣርና ቁጥቋጦ በቀለበት፤ ሥሩም ብስባሹን መለሰለት። ከእልቂቱ የተረፈው ሕዝብ ጥቂት፣ ከብቱም ከዚያ ያነሰ ስለነበረ መሬቱ እንደገና እስኪፈለግ ድረስ የማረፊያ ጊዜ ነበረው። በሰው ልጅ ላይ የወረደው መከራ እጅግ አስከፊ ቢሆንም፣ አፈሩ ለማገገም የሚያስፈልገውን ጊዜና ስንቅ አላጣም ነበር።

የደስታ በሽታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ያ ጠላት ተሸንፏል። ከዚያ በኋላ በመጡት ድርቆች ግን መሬቱ ያ ዕረፍት አልነበረውም።

ኩበቱ ወደ ምድጃ ሲገባ

በ20ኛው መቶ ዓመት ውስጥ በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ አንድ ቀስተኛ ለውጥ ተፈጸመ። ደኑ እየተመነጠረ፣ የማገዶ እንጨት እየራቀ ሲሄድ ኩበት የምድጃው ዋና ማገዶ ሆነ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ በከተሞችና በየመንደሩ ዙሪያ ጉድለቱን በከፊል ቢሞላም፣ ዛፍ በሌለበት ሰፊ ገጠር የሚነደው እበት ነበር። ኬኔዝ ኒውኮም የተባለው የዓለም ባንክ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህን ለውጥ በየደረጃው ተንትኖ፣ ኩበትና ገለባ ወደ እሳት ሲገቡ በመሬትና በከብት መካከል የነበረው የንጥረ ምግብ ዑደት እንደሚበጠስ አሳይቷል።

ነገሩ ቀላል ኬሚስትሪ ነው። ኩበት ሲነድ በውስጡ የነበረው ናይትሮጅንና ከድኙም አብዛኛው በጢስ ይሄዳል። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱ ግን ከቤት ጀርባ ይደፋል እንጂ ወደ ሩቁ ማሳ አይመለስም። ብስባሽ መሆን የነበረበት ካርቦንም እንዲሁ ይጠፋል። ብስባሹ ያነሰው አፈር ደግሞ ውኃ የመያዝ ችሎታው ስለሚቀንስ ቀጣዩ ድርቅ ፈጥኖ ይይዘዋል።

የ1964 ዓ.ም. ክረምትና የ1965 ዓ.ም. በልግ ሲታጡ ወሎን የመታው ረኀብ የወረደው እንዲህ በተዳከመ መሬት ላይ ነበር። የ1976 ዓ.ም. በልግና ክረምትም በተከታታይ ሲታጡ ትግራይ፣ ወሎና ኤርትራ ይበልጥ ተጎዱ። በዚሁ በ1976 ዓ.ም. የተደረገው የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ የሀገሪቱን ሕዝብ 42 ሚሊዮን ገደማ አድርሶት ነበር። በብዙ ወረዳዎች መሬት ለዓመታት እዳሪ የሚተውበት ልማድ ከዚያ አስቀድሞ እየጠፋ ነበር። ከድርቁ በኋላ መሬቱ ሳያርፍ ወዲያው ለእርሻ ተፈለገ።

በድርቅ ዘመን የቤተሰቡ ኪሳራ ከአፈሩ ኪሳራ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ደረጃ በደረጃ ማየት ይቻላል። እህል ሲያልቅ በግና ፍየሉ ይሸጣል፤ ቀጥሎ በሬው። ዛፉ ተቆርጦ ማገዶና ከሰል ይሆናል። ኩበቱም ለከተማ ገበያ ይወጣል። ገለባው ለተረፈው ከብት ይሰጣል። ይህ ሁሉ ነፍስን ለማዳን የተደረገ ስለሆነ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን የተሸጠው እያንዳንዱ ነገር የአፈሩ ስንቅ ነበር።

ዝናቡ ሲመለስ አንድ በሬ የቀረለት ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል። ምንም የሌለው ደግሞ የሌሎቹ እርሻ እስኪያልቅ ይጠብቃል። የእርዳታ ዘርም ዘግይቶ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ጥበቃው ሁለትና ሦስት ሳምንት ቢሆን በሰው ዓይን አጭር ነው። በአፈሩ ሥራ ግን ጎተራው ተከፍቶ የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ዘግይቶ የተዘራው ሰብል የሚያገኘው ከታጠበ በኋላ የቀረውን ነው። ከድርቅ ማግስት ዝናቡ መልካም ሆኖ ሳለ ምርቱ ዝቅ ማለቱን ያዩ የሙያ ባልደረቦቻችን አንዱን ምክንያት እዚህ ሊፈልጉት ይገባል።

የተለካው ኪሳራ

እ.ኤ.አ. በ1981 የበርን ዩኒቨርሲቲና የእርሻ ሚኒስቴር በመተባበር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክትን ጀመሩ። የመጀመሪያው ጣቢያ በደሴ አጠገብ በማይባር ተቋቋመ። ቀጥሎም አንዲት ጥድ፣ አንጀኒና ሌሎችም ተጨመሩ። በእነዚህ ጣቢያዎች ልኬት ላይ በመመሥረት ሃንስ ሁርኒ በደጋው ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። ይህም በጥልቀት ወደ 4 ሚሊሜትር ይጠጋል። ኪሳራው በተለይ የሚበረታው በክረምቱ መግቢያ፣ ለጤፍ ተደጋግሞ የታረሰውና የለሰለሰው ማሳ ገና ሰብል ሳይሸፍነው በሚገኝበት ሰሞን ነው። የአፈር መታጠብና የናይትሬት ለቀቃ በአንድ ሰሞን ይገናኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ1990 ስቶርቮገልና ስማሊንግ ባወጡት የንጥረ ምግብ ሚዛን ስሌት ደግሞ የኢትዮጵያ የእርሻ መሬት እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1984 በነበሩት ዓመታት በየዓመቱ በሄክታር ወደ 41 ኪሎግራም ናይትሮጅን ይከስር እንደነበረ ተገምቷል። አማካይ ቁጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል። እበቱንና የቤቱን ጥራጊ ሁሉ የሚቀበለው የደቡብ የእንሰት ጓሮ እያተረፈ፣ ከእርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው ማሳ ሊከስር ይችላል። ድርቅ ይህን ልዩነት ያሰፋዋል፤ የቀረው ጥቂት ፍግ ከጓሮ አያልፍምና።

ኪሳራውን በማዳበሪያ መሙላት ይቻላል የሚለው ሐሳብ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በልማት ፕሮግራሞች በስፋት ተሠርቶበታል። ማዳበሪያ በመልካም ዝናብ ምርት እንደሚያሳድግ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ እርጥበት በሌለበት አፈር ወደ ሥር የሚደርስበት መንገድ ስለሌለ፣ በድርቅ ዓመት ሰብሉ ጠፍቶ ዕዳው ብቻ ይቀራል። ብስባሽ በሌለው አፈር ላይ የተደረገ ማዳበሪያም ውኃውን አያቆይም። ማዳበሪያ የብስባሽ ጓደኛ እንጂ ምትክ አይደለም።

ስለ መጪው ጊዜ

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው መሬታችን አበቃለት ወደሚል ተስፋ መቁረጥ እንዳይደርስ ሌላ የታሪክ ምስክር እንጥራ። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በመንገዱ ያነሣቸው ፎቶግራፎች አሉ። ያን ቆመው ያነሡበትን ስፍራ ፈልገው ከ140 ዓመት በኋላ እንደገና ፎቶግራፍ ያነሡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤታቸውን አሳትመዋል። በብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ ዛፉና ቁጥቋጦው ከቀድሞው ጨምሮ፣ የእርከን ሥራውም በግልጽ ታየ። በረጅም ዘመን ልማዳቸው እርከን የሚሠሩትና ፍግ ወደ ማሳ የሚመልሱት የኮንሶ ገበሬዎች ያቆሙት ገጽ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እጅ ከተባበረ መሬት ያገግማል።

የቅርብ ጊዜው ልምድ ግን ትምህርቱ ገና እንዳልተጠናቀቀ ያሳያል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ከታጣ በኋላ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የእርዳታ ጠባቂ ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. በልግ ዝናቡ ሲመለስ በብዙ ቦታ ጎርፍ ሆኖ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ አካባቢ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ታጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻም በሶማሌ አካባቢ ከባድ ጎርፍ ተከተለ። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ የድርቁን ማብቂያ የምንለካው በዝናቡ መምጣት ነበር። ከላይ እንደተመለከትነው ግን ለአፈሩ ዋናው የኪሳራ ቀን ያ ነው።

ስለሆነም ማኅበራችን ሊያስብባቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በድርቅ ጊዜ የሚሰጠው የዘርና የእርሻ በሬ ድጋፍ የሚመዘነው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ዝናብ አስቀድሞ በመድረሱም ሊሆን ይገባል። ሁለተኛ፣ ለከብት መኖ የሚደረግ እርዳታ ለአፈር የሚደረግ እርዳታም ነው፤ መኖ ያገኘ ከብት ይተርፋል፣ የተረፈው ከብት ፍግ ይሰጣል፣ ገለባውም ከማሳው ሳይለቀም ይቀራል። የማገዶ ዛፍና የተሻሻለ ምድጃም ከዚሁ ጋር ሊታሰቡ ይገባል፤ ከእሳት የዳነ ኩበት የማሳው ነውና። ሦስተኛ፣ ከድርቅ በኋላ የምናቀርበው የጉዳት መግለጫ ስለ አፈሩ አንድ ገጽ ይኑረው። ከዝናቡ በፊትና በኋላ ከአንድ ማሳ የተወሰደ የአፈር ናሙና፣ የብስባሹና የናይትሬቱ መጠን፣ የተዘራበት ቀን፣ በእርከኑ ሥር የተከማቸው ደለል በዚያ ገጽ ላይ ሊሰፍሩ ይችላሉ። ይህን ለመሥራት ታላቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ በየወረዳው ያለ ባለሙያ በእጁ ባለ መሣሪያ ሊጀምረው የሚችል ነው።

በክፉ ቀን ዶማ ያነሡት አባቶቻችን መሬቱ ጦም እንዳያድር የተቻላቸውን አደረጉ። አፈሩን የሚለኩበት መሣሪያ አልነበራቸውም፤ የሚያሳርፉት መሬት ግን ነበራቸው። ለእኛ ነገሩ ተገላብጧል። የሚያርፍ መሬት የለንም፤ መለኪያው ግን በእጃችን ነው። የሚቀጥለው ድርቅ ሲያልፍ የአፈሩን ሒሳብ ሳንጽፍ ከቀረን፣ አላወቅንም የሚል ምክንያት አይኖረንም።